የአቶ ሀሺ ጥቁር ባቡር

የመቶ አለቃ አሸቱ ሲደርስ አረንጓዴው ባቡር ገና እየዞረ ነበር።

ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ የጣውላ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ከጣት የማይሰፋ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ የቆርቆሮ ድልድይ አለ፣ የሲሚንቶ ተራራ አለ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ ዋሻ አለ። ባቡሩ ፉርጎዎቹን አስከትሎ ዋሻው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ድልድዩን ያልፋል፣ ተመልሶ ይገባል። ከጠረጴዛው ሥር አቶ ሀሺ ሰማታር በጀርባቸው ተጋድመዋል። ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተደርቦላቸዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል። ከግራ ጆሯቸው በላይ ያለው ቁስል ባይኖር የተኙ ይመስሉ ነበር።

«አጥፋው ይሄን ነገር» አለ አሸቱ።

አስር አለቃ ጃታኒ በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫነ። ባቡሩ ቆመ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ።

«አብራ! አብራ!»

አበራ። አምፖሉ ሲበራ ባቡሩም ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ።

«ሽማግሌው ሁለቱን በአንድ መስመር አስሯቸዋል» አለ ጃታኒ። «ወይ እየዞረ እንሠራለን፣ ወይ በጨለማ እንሠራለን።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሚሸሽ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው ባቡሩን ከሐዲዱ ላይ አፈፍ አደረገው። መንኮራኩሮቹ እጁ ውስጥ ትንሽ ተሽከረከሩና ዝም አሉ።

በነገሌ አቶ ሀሺን የማያውቅ አልነበረም። ከፊት ጨርቅና ሻይ ቅጠል የሚሸጡበት ሱቅ፣ ከኋላ የባቡሮቻቸው ክፍል። ድሬዳዋ ተወልደው፣ በጎረምሳነታቸው በጭነት መኪና ወደ ቦረና መጥተው፣ ባቡር ደርሶበት በማያውቅ አገር ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሰበሰቡ። በሞያሌ በኩል ከናይሮቢ የመጣ አለ፤ አንድ ጣሊያን አስመራ ላይ ጥሎት የሄደ አለ፤ ራሳቸው ከሳርዲን ቆርቆሮ ቆርጠው የሠሩት አለ። ሁሉም መደርደሪያው ላይ በሰልፍ ቆመዋል። ከመሐላቸው ግን አንድ ቦታ ባዶ ነበር፤ ዙሪያውን አቧራ ተኝቶ፣ ባዶው ብቻ የተወለወለ ይመስላል።

«እዚህ የነበረው ምንድን ነው?»

«ጥቁሩ ነዋ» አለች ከበሩ ላይ አንዲት ሴት። ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊዋ በዛብሽ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «የብረቱ። የማይሄደው። አንድ ሰው በአንድ እጁ አያነሳውም፣ እንዲህ ነው ክብደቱ። እሱንስ ልጃቸውንም አያስነኩ።»

አሸቱ ቁስሉን እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ግቢው ተመለከተ። እዚያ አንድ ረጅም የቦረና ሽማግሌ፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ፣ በሁለት የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃዎች መሐል መሬት ላይ ተቀምጧል። የነጭ ኩታው ጫፍ በደም ተነክሯል።

«እሱ ነው ያገኛቸው?»

«አገኘ ይበሉት፣ ገደለ ይበሉት» አለች በዛብሽ። «እኔ የሰማሁትን ነው የምናገረው።»

*

የሰማችውን በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀብር መልስ፣ በስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ተናገረች።

«ግድግዳው ጭቃ ነው፣ የኔ ጌታ። ቢያስነጥሱ እኔ 'ይማርዎ' እላለሁ። ትናንት ቤት የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው፤ መብራት እንደመጣ ባቡሩ ችክችክችክ ማለት ጀመረ። እንደ ሁልጊዜው። 'አቶ ሀሺ ጀመሩ' አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ያ ያሰራችሁት ጂሎ ወተቱን ይዞ ገባ። እሱም እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

«የማን ጩኸት?»

«የጂሎ። በኦሮምኛ።»

«የአቶ ሀሺን ድምፅ ሰምተሻል?»

«እሳቸው መቼ ይናገራሉ? ባቡሩ ነው የሚናገርላቸው።»

«ትናንት ማታ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር። አልሄድሽም?»

በዛብሽ የስፌት መኪናዋን ጎማ ያዝ አደረገች። «እግሬን አሞኝ ነበር። ለአብዱባ እንዳይነግሩብኝ፣ በሞቴ። ባለፈው የቀረችውን የስኳር ወረፋዋን ቀማት።»

ነገሌ መብራት የምታገኘው የከተማው የመብራት ሞተር ሲነሳ ነው፤ እሱም ሊመሽ ሲል ነው። ስለዚህ ነገሩ ለአሸቱ ግልጽ ነበር። መብራት ሲመጣ አቶ ሀሺ በሕይወት ነበሩ፤ ባቡራቸውን አስነሡ። ከዚያ በኋላ የገባው ጂሎ ብቻ ነው።

ጂሎን በጣቢያው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አገኘው። ቁጭ በል ቢባል እምቢ አለ። አማርኛው ሲያልቅበት ወደ ኦሮምኛ እየገባ፣ ጃታኒ እየተረጎመለት ተናገረ።

«ማታ ማታ እሄዳለሁ። ወተት እወስዳለሁ። ባቡር አያለሁ። ሀሺ ወንድሜ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት 'እሰብረዋለሁ' ብለህ ስትጮህ ሰው ሰምቷል።»

ጂሎ አንገቱን ደፋ። ጃታኒ ጠየቀው፤ ሲመልስለት ሳቁን ለማፈን ጢሙን ያዘ።

«ምን አለ?»

«ላሜን ቀለም ቀባብኝ ነው የሚለው።»

«የምን ላም?»

«በድርቁ ጊዜ ከብቶቹ በሙሉ አለቁበት፣ መቶ አለቃ። ከዚያ ወዲህ ፉርጎዎቹን በከብቶቹ ስም ይጠራቸዋል። ቀዩን ፉርጎ ዲማ ብሎታል፤ ቀይ ላም ነበረችው። ሽማግሌው ደግሞ ዝጓል ብለው አረንጓዴ ሊቀቡት ጀመሩ። በዚያ ተጣሉ። አቶ ሀሺ መልሰው ቀይ ቀቡለት፣ ታረቁ።» ጃታኒ ሳቁ ጠፋ። «አሁን እየቀለደ አይደለም።»

«ትናንት ስትገባስ?» አለ አሸቱ።

«ባቡር ይሮጣል። ሀሺ ተኝቷል፣ ለብሷል። አልቀሰቀስኩም። ወተት አስቀመጥኩ፣ ቁጭ ብዬ አየሁ። በኋላ ዲማ ከሐዲድ ወደቀች። 'ሀሺ፣ ካዪ! ካዪ!' አልኩ።»

«ተነሥ ማለቱ ነው» አለ ጃታኒ።

«አልተነሣም። ጭንቅላት ያዝኩ፣ ደም። እጅ ያዝኩ፣ ቀዝቃዛ። እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ቀዝቃዛ።»

«ብርድ ልብሱን ያለበስከው አንተ ነህ?»

«አይደለም። ለብሶ ነው።»

«መብራት ሲመጣ ባቡር ያስነሣ ሰው፣ አንተ እስክትደርስ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ?»

«ኢምቤኩ» አለ ጂሎ። አላውቅም።

*

የአቶ ሀሺ አንድ ልጅ ሸምሳ ከሱቁ ሁለት ሰፈር ወረድ ብላ ትኖራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ቀድሞ ሞቷል። በአባቷ አባት ስም የተጠራው ልጇ ሰማታር ከሁለት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀርቷል፤ መርዶውን ያመጣው አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ነው። ለልጁ የተነጠፈው የለቅሶ ምንጣፍ ሳይነሣ የአባቷ ለቅሶ ተቀምጦበታል።

አሸቱ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁለት።

«አላህ ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ሸምሳ።»

«አሜን። ያክብርልኝ።»

ፊቷ ደረቅ ነው። አሸቱ ብዙ የሞተበት ሰው አይቷል፤ እንባ የጨረሰ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል።

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ምሳውን ስወስድለት። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምወስድለት። ከዚያ ቤቴ መጣሁ፤ ማታ ስብሰባ ሄድኩ። ጩኸቱን እዚያ ነው የሰማሁት።»

ይህን አዳራሹ በሙሉ አይቷል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሲጨበጨብ እያጨበጨበች።

«ጥቁሩ ባቡር ጠፍቷል።»

«አያቴ ድሬዳዋ ለባቡር እሳት የሚጭር ሠራተኛ ነበር። በወባ ሞተ። ጓደኞቹ ብረት አቅልጠው፣ ይሠራበት የነበረውን ባቡር አስመስለው ሠርተው፣ ለአባቴ ሰጡት። ልጅ ነበር ያን ጊዜ። ሌሎቹን ሁሉ የሰበሰበው ለዚያ ለጥቁሩ ጓደኛ እንዲሆኑት ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «መቶ አለቃ፣ ስትገቡ መብራቱ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች በዝግታ። «ጨለማ አይወድም ነበር። አባቱ የሞተ ለት ብቻውን አብሮት አድሯል። ኩራዝ እንኳን አልነበረም።»

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ጥቂት ነው። ተነሣ።

በሩ ላይ በዛብሽ ተከትላው ወጣች፤ ወዲያና ወዲህ ካየች በኋላ ጠጋ አለች።

«የሚነገር አይደለም እንጂ ልናገር። ባለፈው ወር አብዱባ መጥቶ ነበር፣ ሱቁ። 'ጥቁሩን' ይላል፣ 'ጥቁሩን'። አቶ ሀሺ ደግሞ 'አባቴን አልሰጥም' ይላሉ። እንዲህ ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም።»

*

አብዱባ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። ካኪው የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው።

«ጓድ መቶ አለቃ! ግባ። ይሄ ነገር አላለቀም እንዴ? ሰውዬው እጁ በደም ተነክሮ ተይዟል።»

«ጥቁሩን ባቡር ፈልገህ ነበር።»

አብዱባ ፈገግታው አልጠፋም። «ለኔ ይመስልሃል? ከክፍለ ሀገር የሚመጡት ጓድ አይተውት ወደውት ነበር። ልጃቸው ባቡር ይወዳል። ጠየቅኳቸው፣ እምቢ አሉ፤ አበቃ። በብረት ሰው አልገድልም።»

«በብረት መገደላቸውን ማን ነገረህ?»

«ነገሌ ናት ይህቺ፣ ጓድ። ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች አፍ አላቸው።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «ቤቴን ፈትሽ። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ መድረክ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት መቶ ሴት አይታኛለች፤ ካላመንክ እነሱንም ፈትሽ።»

አሸቱ ፈተሸ። አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ላይ፣ ጓሮ። ከስኳር ጆንያ በቀር ያገኘው የለም። ጆንያዎቹን ያየ አልመሰለም፤ አብዱባም ማየቱን ያየ አልመሰለም።

ሲወጣ ሊቀ መንበሩ ሸኘው። «ቅዳሜ ጠዋት ኤንትሬው ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። ጂሎ ይሄድበታል። እዚያ ያሉት ለሰርጎ ገብ መዝገብ አያበዙም። አንተም ከዚህ ዶሴ ታርፋለህ።»

«ጂሎ ሰርጎ ገብ አይደለም።»

«ድንበር ወዲያና ወዲህ ከብት የነዳ ሁሉ ምንድን ነው? ሁላችንም እየከፈልን ነው። የኔም ልጅ ዘንድሮ ለውትድርና ይደርሳል።» ይህን ሲል ለአንድ አፍታ ድምፁ ለስላሳነቱን አጣ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። አሸቱ ስንት ሰው በዚያ መኪና እንደተጫነና ማን እንደተመለሰ ያውቃል። ጂሎን በዓይነ ሕሊናው መኪናው ላይ ቆሞ አየው፤ እዚያም ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ሲል።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጃታኒን ይዞ ወደ ባቡሮቹ ክፍል ተመለሰ። ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ከተማው ምሳ በልቶ ተኝቷል፤ ከጥር ፀሐይ ሸሽቶ ውሻ እንኳን መንገድ ላይ የለም። መስኮቱ በጣውላ የተዘጋ ስለሆነ ክፍሉ ደብዛዛ ነው። ሲገባ ማብሪያውን ተጫነ፤ መብራት እንደሌለ ትዝ አለውና በራሱ ተናደደ።

ጃታኒ አረንጓዴውን ባቡር ወደ ሐዲዱ መልሶ ፉርጎዎቹን ይቀጥል ጀመር።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ለጂሎ ነው። ዲማ ከሐዲድ ወድቃለች ብሎ ሲጨነቅ ነው ያደረው። መለስኳት ልለው።»

መደርደሪያውን አንድ በአንድ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከጠረጴዛው ሥር የብረት ማወልወያ ጨርቅ ተገኘ፤ ዘይቱ አልደረቀም። አሸቱ አቶ ሀሺ የወደቁበት ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የጠረጴዛው ሆድና የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ሽቦው ከማብሪያው ወደ አምፖሉ ይወጣል፣ ከዚያው ወደ ባቡሩ ትራንስፎርመር ይወርዳል። ሌላ መክፈቻ የለውም።

«ጂሎ ከሌለበት ማን ነው?» አለ ለራሱ።

ሁለቱም ደክሟቸው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው እንደተቀመጡ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ።

ከከተማው ዳር የሞተሩ ድምፅ ተሰማ። አምፖሉ ፍዝዝ ብሎ በራ።

ከራሳቸው በላይ ችክችክችክ አለ።

ጃታኒ ዘሎ ተነሣ። «ያ ራቢ!»

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ገባ። ወጣ። ድልድዩን አለፈ። ማንም አልነካውም። ከግድግዳው ወዲያ የበዛብሽ ስፌት መኪና ቀጥ አለ፤ ከዚያ ጩኸቷ መጣ፦ «በስመ አብ! አቶ ሀሺ! አቶ ሀሺ!»

አሸቱ ከወለሉ ሳይነሣ ማብሪያውን ተመለከተ። ሲገባ የተጫነውን ማጥፋት ረስቶታል። የረሳው ነገር እንኳን አልነበረም፤ በነገሌ ማንም አያጠፋም። ሰው ሁሉ ማብሪያውን እንደተጫነ ይተወዋል፣ ሞተሩ ሲነሣ መብራት መምጣቱን አምፖሉ ራሱ እንዲነግረው።

«ጃታኒ፣ ሽማግሌው ማብሪያቸውን እንዴት ነበር የሚተዉት?»

«እሳቸውማ ከሰው ሁሉ ይለያሉ። ያጠፉታል። ሰው ሳይኖር ባቡሩ ተነሥቶ እንዳይወድቅ። መብራት ሲመጣ በጨለማ እየዳበሱ ያበራሉ፤ በዚህ ሲሳቅባቸው ነው የኖሩት።»

«ስለዚህ ያን ዕለት መብራት ሳይመጣ በፊት ሌላ ሰው ነው የተጫነው። በዛብሽ የሰማችው እሳቸውን አይደለም። መብራት ሲመጣ ሞተዋል። ጂሎ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር ያለው…»

«እውነት ነበር።»

«ነገረን፣ አልሰማነውም።»

ጃታኒ ዓይኑ በራ። «አብዱባ! ስብሰባው የማታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ…» ከዚያ ራሱ ትከሻው ወረደ። «አይ። ከሰዓት በኋላ እኔ አብሬው ነበርኩ። እስከ ስብሰባው ድረስ ጥበቃዎች ስንመድብ ነው የዋልነው። የተለየኝ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ሸምሳን መንገድ ላይ አቁሞ ሲያነጋግራት አይቼዋለሁ፣ ሰሀኗን ይዛ ወደዚህ ስትመጣ።»

አሸቱ ያሰበው ሌላ ነው። የገደለ ሰው ይሸሻል። ይህኛው ብርድ ልብስ አልብሷል፣ ዓይን ከድኗል፤ ገና ቀን ሳለ፣ ለማይሠራ መብራት፣ ማብሪያ ተጭኗል። ሲመሽ ሬሳው ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር ያሰበ ሰው ነው። በለቅሶ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች ሴት፣ ስለ ገዳዩ አንድም ነገር ሳትጠይቅ፣ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ትዝ አለው።

ተነሥቶ ማብሪያውን አጠፋ። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ እንዳለ ቆመ።

*

ሸምሳ ለቀስተኞቹን ሸኝታ ብቻዋን ነበረች። ሁለቱን ስታይ ለማን እንደመጡ አልጠየቀችም።

«መብራቱ በርቶ እንደሆነ ጠየቁኝ» አለ አሸቱ። «ማን እንዳበራው ግን እኔ አልጠየቅኩዎትም ነበር።»

ሸምሳ ወደ ጓዳ አመለከተች። እዚያ የተማሪ ቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ክዳኑ ላይ «ሰማታር» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ጃታኒ ከፈተው። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ፣ ኳስ። በሹራቡ ተጠቅልሎ ጥቁሩ ባቡር። ታጥቧል፤ ከመንኮራኩሩ ሥር ግን ታጥቦ ያልወጣ ነገር ነበር።

«ለሱ ነው የሰጠሁት» አለች። «ይገባው ነበር።»

«ይንገሩኝ።»

«ልጄን ሲወስዱት አባቴ አብዱባ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ 'ለመንኩ፣ አይሆንም አሉኝ' አለኝ። አመንኩት። ሁለት ዓመት አመንኩት፣ መቶ አለቃ። ያን ቀን ምሳውን ይዤ ስሄድ አብዱባ አቆመኝ። 'አባትሽን ምከሪው' አለኝ። 'ያን ብረት እንደገና እየፈለጉት ነው። ያኔም ለልጅሽ ሲባል ጠይቀነው አልሰጥም አለ። ያን ቢሰጥ ልጅሽ ዛሬ እዚህ ነበር።' እንዲህ ነው ያለኝ፣ ስለ ስኳር እንደሚያወራ።»

«ከዚያ?»

«ገባሁ። እያወለወለው ነበር። 'እውነት ነው?' አልኩት። 'እውነት ነው' አለኝ። ዋሽቶኝ ቢሆን! አንድ ጊዜ እንኳን ዋሽቶኝ ቢሆን። 'አባቴን እንዴት ልስጥ?' አለ፣ ማወልወሉንም አላቆመም።» ድምፏ ከፍ አላለም። «ሁለት ሰማታር ነበረው። የብረቱን አስቀረ። ከእጁ ተቀበልኩት። እንደዚያ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ነክቼው አላውቅማ።»

ጃታኒ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ጂሎ ነገ ጠዋት ሊጫን ነበር» አለ አሸቱ።

«አውቃለሁ።»

«ዝም ሊሉ ነበር?»

«ዛሬ ልመጣ ብዬ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። ነገ እመጣ ይሆን? ወላሂ አላውቅም።» ሻሿን አስተካከለች። «ጫማዬን ላድርግ?»

*

ቅዳሜ ጠዋት ኤንትሬው ወጣ። ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ በሁለት ፖሊስ መሐል ሸምሳ ነበረች።

ጂሎ በትሩንና የወተት ዕቃውን ተቀበለ። ጃታኒ ገዳይዋ ማን እንደሆነች ሲነግረው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አሸቱን ቀና ብሎ አየ።

«ዲማን ስጠኝ።»

«አይቻልም። ክፍሉ ታሽጓል። ዕቃው በሙሉ የመንግሥት ኤግዚቢት ነው።»

«አንድ ብቻ። ቀይዋ።»

«ማኅተሙን መስበር አልችልም፣ አባቴ።»

ጂሎ ተነሥቶ ሄደ።

ጥቁሩን ባቡር አሸቱ ራሱ በካኪ ወረቀት ጠቀለለው፤ ሲባጎውን አራት ማዕዘን አሰረ፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አንጠበጠበና ማኅተም መታበት። የጣቢያው ስቶር ሠራተኞች ፈርመው ተቀበሉት። በዶሴው ላይ የአብዱባን ስምና የተናገረውን ሁሉ ጻፈ። ከላይ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ ሊቀ መንበሩ በወንጀሉ አልተሳተፉም፤ ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዘ ሐሳብ ከዶሴው ይውጣ።

በየካቲት ከክፍለ ሀገር ጓዱ መጡ። አሸቱ በቀበሌው በር ሲያልፍ ላንድሮቨራቸው ቆሟል፤ አብዱባ አንድ ከባድ ዕቃ በሁለት እጁ ታቅፎ ከኋላ ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ይጣጣራል።

«ጓድ መቶ አለቃ! በሩን ያዝልኝ እስቲ።»

አሸቱ በሩን ያዘለት። ካኪ ወረቀቱን አወቀው። ሲባጎውንም፣ ራሱ የቋጠረውን ቋጠሮም። ሰሙ እንኳን አልተሰበረም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱ የብሔራዊ ውትድርና ዙር ተሸኘ። ልጆቹ መኪናው ላይ ታጭቀው ሲዘፍኑ፣ እናቶች ከአቧራው ኋላ ሲሮጡ፣ የአብዱባ ልጅ ከሸኚዎቹ ጋር ተሰልፎ ያጨበጭብ ነበር።

አሸቱ ከዚያ በቀጥታ ወደ አቶ ሀሺ ቤት ሄደ። መሽቷል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። በሩ ላይ የመታውን ማኅተም በቢላዋ ቀደደ። አንዲት ፉርጎ ናት፤ ከኪስ አትበልጥም፤ ጂሎ በገበያ ቀን ይመጣል።

ክፍሉ ጨለማ ነው። ሲመጣ ከውጭ እንዳየው የመስኮቱ ጣውላ ተነቅሎ ተመልሶ በአዲስ ምስማር ተመትቷል። በእጁ ወደ ጠረጴዛው ዳሰሰ፤ ሐዲዱ የለም። መደርደሪያውን ዳሰሰ፤ አቧራ ብቻ። ከግድግዳው ወዲያ በዛብሽ ትሰፋለች።

ወደ በሩ ተመልሶ ማብሪያውን ተጫነ።

አምፖሉ ብቻ በራ።